የመሸሻ አጭር ደጋን

መሸሻን የሰደበው ኃይለልዑል ነው። ቀኑ የ2006 ዓ.ም. ዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ገደማ፣ ቦታው ጎባ፣ የሙሽራው የደጀኔ የሠርግ ዳስ ውስጥ። በዚያ ሠርግ ላይ ምን እንደበላ ብትጠይቁት መሸሻ አያስታውስም፤ ኃይለልዑል ማይክራፎኑን በየትኛው እጁ እንደያዘ ግን ይነግራችኋል። በግራው ነው።

ለዳሱ አግዳሚ ወንበሮቹን የሠራው መሸሻ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ መላጊያ ከጨበጠ ወዲህ የመጥረቢያ እጀታ፣ መሰላልና አግዳሚ እየሠራ ነው የሚተዳደረው። ኃይለልዑል ደግሞ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ፣ በየሠርጉም የሚለፈልፍ የሮቤ ሰው ነው። ጨዋታው በደመቀበት ሰዓት አንዱ አግዳሚ ወገቡ ላይ ቋ ብሎ ተሰበረና የሙሽራዋ አክስቶች ከነሰሃናቸው ተዘረገፉ። ኃይለልዑል ፈጠን ብሎ፣

«ሙሽሮች! ትዳራችሁን የመሸሻ አግዳሚ አያድርግባችሁ!» አለ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ቄሱም «አሜን» አሉ። መሸሻን ከሁሉ በላይ ያቃጠለው አሜኑ ነው።

ትንሽ ቀደም ብሎ እዚያው አግዳሚ ላይ ቆሞ እስክስታ ሲወርድ የነበረው ማን ነበር? ራሱ ኃይለልዑል! ይህን ግን ማንም አላነሳም። ከዚያ ወዲህ የሮቤ ሚኒባስ መንገድ ላይ ቀጥ ስትል «የመሸሻ አግዳሚ ሆነች» ይባላል። መሸሻን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የገሰራ ገበሬ ሳይቀር ስለታመመች ላሙ ሲያወራ «የመሸሻ አግዳሚ ሆና ተኛችብኝ» ሲል በገዛ ጆሮው ሰምቶታል። መሸሻም ለኃይለልዑል የሚሆን መልስ እንጨት በላገ ቁጥር አብሮ እየላገ አሳምሮ አስቀምጧል። የቸገረው ማይክራፎን ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ባጃጅ ነጂው ወዳጁ ጉቱ ግቢው ድረስ ባጃጁን እያንጓጓ ገባ።

«አካም መሸሻ! ሮቤ ሜዳ ላይ የባህል ስፖርት ሊደረግ ነው። ፈረስ አለ፣ ትግል አለ፣ ቀስት አለ። ለቀስት ከጎባ ሰው ጠፍቷል። ደጋኑን ተወዳዳሪው ራሱ ይሥራ ተብሏላ!»

«እና እኔን ምን አገባኝ?»

«እናማ፣ ለፍላፊው ኃይለልዑል ነው።»

መሸሻ መላጊያውን አስቀመጠ።

«እኔን አስመዝግበኝ።»

«ዱጉማ? እውነትህን ነው? ቀስት ይዘህ ታውቃለህ?»

«ኃይለልዑልስ ማይክራፎን ይዞ ነው የተወለደው?»

ጉቱ ሳቁን ከጨረሰ በኋላ ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ወንድሜ፣ ያ ደጋን ሕዝብ ፊት ከተሰበረብህ ግን አገር ለቀህ ብትሄድ ይሻልሃል። የልጅ ልጆችህ ሳይቀሩ በዚያ ስም ነው የሚጠሩት።»

መሸሻ ይህን አላጣውም። ካልተሰበረ ግን ማይክራፎኑ አጠገቡ፣ ሕዝቡ ፊቱ፣ መልሱ አፉ ውስጥ ይሆናል።

እንጨት አላጣም። ጎረቤቱ እትዬ ወለተኢየሱስ ዓምና ከአጥራቸው ያስቆረጡትን፣ ነጭ አበባ የሚያንጠለጥለውንና እሾሁ ነጠላ የሚቀደውን የፈረንጅ ግራር ለእጀታ ብሎ ቆጥ ላይ አስቀምጦት ነበር። በሽብልቅ ሲሰነጥቀው ውስጡ ማር የመሰለ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ጥንካሬው መጥረቢያ ያስለቅሳል። መሸሻ እጀታ ሠሪ ነውና እንደ እጀታ አለሰለሰው፤ እንጨቱ በየዓመቱ የደራረበውን መስመር ሁሉ በመላጊያ እየቆራረጠ እስኪያብረቀርቅ ላገው። ለእጀታ ያ ሙያ ነው። ለሚጎብጥ እንጨት ግን ሞቱ መሆኑን ማን ይንገረው? ከሥጋ ቤት ያመጣውን የበሬ ጅማት አስሮ፣ ትንፋሹን ውጦ ሳበ።

ቋ!

ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጠፉ። ሚስቱ ማናልበሽ ማማሰያ እንደያዘች ከማድቤት ብቅ ስትል ባሏ በሁለት እጁ ሁለት ቁራጭ ይዞ ቆሟል።

«የመሸሻ አ...» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ተያዩ።

«ጨርሺው» አላት።

«አልጨርስም።»

«ጨርሺው እኮ ነው የምልሽ!»

«...ግዳሚ!» አለችና ፈነዳች። መሸሻ ሊቆጣ አፉን ቢከፍት የወጣው ሳቅ ሆነ። እሱ አጥሩን፣ እሷ እሱን ተደግፋ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወጡ አረረ። ያረረውን ወጥ ሲበሉ እንኳ አንዳቸው ቀና ባለ ቁጥር ሌላኛው ትን ይለው ነበር።

ከግንዱ የተረፈው ደህና ቁራጭ፣ ቢያቆሙት ከመሬት እስከ እምብርቱ ብቻ ነበር የሚደርሰው፤ ከዚያ በላይ አንጓ በአንጓ ነው። ያጠረው አጥሮ ይሠራ ብሎ፣ አሁን መላጊያውን ትቶ ስባሪ ጠርሙስ አነሳ። ለጀርባው አንዷን የእንጨት መስመር ብቻ መረጠና እሷን ሳይቆርጥ፣ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ምላሱን አውጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋቀ። ከዚያ እጀታ እንደሚደረገው ቅቤ ለቅልቆ ከማድቤቱ ጭስ በላይ ሰቀለው።

«የኔ ራስ ደርቆ ቅቤው ለእንጨት!» አለች ማናልበሽ።

«አንቺ አትሰበሪማ!»

ሰነባብቶ ሲያወርደው ወገቡን ግድግዳ ላይ በሚስማር አንጠልጥሎ ጅማቱን ቁልቁል ይስብ ጀመር። ቀኝ ክንፉ በእሺታ ጎበጠ፤ ግራው እምቢ አለ። «እምቢ አልክ ኃይለልዑል?» እያለ ግራውን ፋቀው። ሳበ። ደግሞ ፋቀው። «ዛሬም አልሰማህም ኃይለልዑል?» በመጨረሻ ሁለቱም ክንፎች እኩል ጎብጠው እንደ አዲስ ጨረቃ ሆኑ። መሸሻ ጅማቱን በጣቱ መታ ቢያደርገው ድዝዝዝ አለ። ደግሞ መታው። ማናልበሽ መጥታ መታችው። ከሰዓት በኋላውን ሲመቱት ዋሉ።

ቀስቶቹን ከቀርከሃ ሠርቶ፣ ጫፋቸው ላይ ሚስማር ሰክቶ፣ ከጎባ በታች ወዳለው መስክ ከጉቱ ጋር ወረዱ። ጉቱ ደጋኑን ሲያይ፣ «ይሄ ምንድን ነው? ገባባ፣ አጭር! ወተት ተከልክሎ ነው ያደገው?» አለ። መሸሻ ሳበና ለቀቀ። ቀስቱ ያልታሰበ አቅጣጫ ይዞ ሽው አለና የባጃጁን ሸራ በስቶ ወንበሩ ላይ ተተከለ።

መሸሻ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲል ጉቱ ዘሎ አንገቱን አቀፈው።

«ባዬ ገሪዳ! ኧረ በጣም ግሩም ናት! አጭሯ ገደለችኝ! ቀዳዳውን አላሰፋውም፤ ተሳፋሪ ሁሉ ይየው!»

እየተቀባበሉ፣ ከቀስቱ ኋላ እየሮጡ፣ በሳቅ ሣር ላይ እየተንከባለሉ ዋሉ። ሁለት ሽበታም ሰዎች ናቸው።

የውድድሩ ቀን ሮቤ ሜዳ ግጥም ብሏል። ከስንዴው ማሳ የሚመጣው ነፋስ ኮፍያ ይነጥቃል። ኃይለልዑል መድረኩ ላይ፣ ማይክራፎኑን በግራ እጁ ይዞ ቆሟል።

«ክቡራን ተመልካቾች፣ አሁን ከጎባ መሸሻ! የአግዳሚው ባለቤት! ኧረ ደጋኑስ ምነው አጠረ? መንገድ ላይ ተሰብሮ የተረፈው ነው እንዴ? የፊት ረድፍ፣ ስንጥር እንዳያገኛችሁ ፈቀቅ በሉ!»

ሜዳው በሳቅ ተንጫጫ፤ የፊት ረድፍ ከምሩ ፈቀቅ አለ። ገለባ የተሞላው ጆንያ ከፊቱ ተሰቅሏል። ሳበ። እንጨቱ ቀጭን ድምፅ አሰማ፣ ሲጥ። ለቀቀ፤ ቀስቱ ከጆንያው በላይ አልፎ ሄደ። ደጋኑን አየው። ደህና ነው! ሁለተኛውን ሲለቅ ጆንያው ጧ! አለና ተወዛወዘ። ሦስተኛው መሃሉን በስቶ በጀርባው ብቅ አለ። ጋቢ ወደ ላይ ተወረወረ፣ እልልታ ቀለጠ፣ ከብድሬ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጥለው አጨበጨቡ። መሸሻ ሳያስበው ደጋኑን ሳመ፤ ቅቤና ጭስ ይላል።

ኃይለልዑል ከመድረኩ ወርዶ እያለከለከ መጣና ትከሻውን አቀፈው።

«መሸሻዬ! እስቲ ለሕዝቡ ንገርልን፤ ይህን የመሰለ ሙያ እያለህ አግዳሚውን ምን ነካብህ?»

ማይክራፎኑ አፉ ሥር ተደቀነ። ሜዳው ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። መልሱ ተስሎ፣ ተልጎ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረ። መሸሻ ትንፋሽ ሳበ።

በዚህ መሃል ከማዶ ጉቱ ጆንያውን አቅፎ፣ የውድድሩ ሰዎች እየጮሁበት፣ ወደ ሜዳው ጥግ ሲሮጥ ታየው። ከፈረሶቹም አልፎ ሄደና አስቀመጠው።

«መሸሻ! ገባባዋን ከዚህ ሞክራት! ማሎ፣ እባክህ፣ ከዚህ!»

ጆንያው ከዚያ ሲታይ ቡጢ አክሏል። ቀስቷ ትደርስ ይሆን? ነፋሱስ ወዴት ይወስዳታል? ከፍ ቢያደርጋትስ? መሸሻ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ርቀቱን ለካ።

«እየጠበቅንህ ነው እኮ!» አለ ኃይለልዑል።

መሸሻ የሰውየውን እጅ ከትከሻው ላይ አነሳና ቀስት መረጠ። ኃይለልዑል ማይክራፎኑን ለነፋስ ደቅኖ ቀረ፤ መሸሻ ጅማቱን ድዝዝ እያደረገ፣ ጆንያው ላይ እንዳፈጠጠ፣ ወደ መስመሩ ሄደ።