ከራሱ ከሰርቨሩ ላይ

የሆስፒታሉ የኔትወርክ ኃላፊ በመሥሪያ ቤቱ የወጣለት ስም «እኔ ጋ ይሠራል» ነው። ምን ይደረግ፣ የፈለገው ነገር ቢበላሽ ላፕቶፑን ያነሣና «እኔ ጋ ይሠራል!» ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገራል።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ጉድ ፈላ። ፕሮግራመሯ ዓመት ሙሉ የለፋችበት የታካሚዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ሥራ የሚጀምርበት ቀን ነበር። ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል። እናቷም የደም ግፊት ቀጠሮዋን ሆን ብላ ለዛሬ አድርጋ፣ ወፍራም ሹራቧን ለብሳ፣ አጠገቧ ለተቀመጠ ሁሉ «የልጄ ሥራ ነው» ትላለች። ስክሪኑ ግን «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ከማለት በቀር ሌላ ወሬ የለውም፤ የታካሚው ሁሉ መረጃ የተቀመጠው ደግሞ እዚያ ዳታቤዝ ውስጥ ነው።

ዳይሬክተሩ ጦፉ። «እስከ ምሳ ካልሠራ ወደ አሮጌው እንመለሳለን። ከዚያ ወዲያ የዚህን ነገር ስም እንዳልሰማ!»

ፕሮግራመሯ ወደ እናቷ ዞር ብላ አየች። የዓመት ልፋቷ፣ ያውም እናቷ ፊት!

«እኔ ጋ ይሠራል» ላፕቶፑን አዞረላት። «ይኸው፣ ዳታቤዙ ቁጭ ብሎ ይመልሳል። ጥፋቱ የፕሮግራምሽ ነው፣ እህቴ።»

«ጋሼ፣ ታካሚ የሚመዘግበው የእርስዎ ላፕቶፕ ነው እንዴ? ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገረው ፕሮግራሙ የተጫነበት ሰርቨር ነው። ከራሱ ላይ እንሞክረው።»

«እዚያ ብርድ ውስጥ? ምን በወጣኝ!»

ይኼ የሁሉም አመል ነበር። የሰርቨሩ ክፍል ብርድ አጥንት ሰርስሮ ስለሚገባ፣ ሁሉም ሙቅ ወንበሩ ላይ ሆኖ ነው የሚፈትሸው።

እሷ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። «እማዬ፣ ሹራብሽን!»

«ውይ ልጄን! አመመሽ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ስጪኝ ብቻ!»

ሹራቡን ደርባ ክፍሉ ገብታ ሰርቨሩ ላይ የዳታቤዙን አድራሻ ጻፈችና ጠበቀች። ዝም። በመጨረሻ ስክሪኑ «መልስ የለም» አለ።

«እሰይ!» ብላ ጮኸች።

«ምኑ ነው እሰይ?» አለ ኃላፊው፣ ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጠ።

«የእርስዎ ላፕቶፕ ያልፋል፣ ይኼ አያልፍም። መንገድ ላይ የከለከለው አለ። መንገዱን የሚጠብቀው ፋየርዎል ላይ ለማን ነው የፈቀዱት?»

ከፍቶ አየው። የራሱ ላፕቶፕ አንደኛ ላይ ጉብ ብሏል። አዲሱ ሰርቨር የለም።

ራሱን አከከ። «ወይ ጉዴ! እኔ ገብቼ ባለቤቱን በር ላይ ትቼዋለሁ!»

ፈቀደለት። እሷም ወንበሩን ለቀቀችለት። «አሁን እርስዎ ይሞክሩት።»

በደነዘዘ ጣቱ ጻፈ። «ተገናኝቷል» አለ ሰርቨሩ፣ በቅጽበት።

ፕሮግራመሯ ጮቤ ረገጠች። ኮሪደሩ ስትደርስ ነርሷ ከስክሪኑ ላይ ስም እያነበበች ትጠራለች፤ ዳይሬክተሩም እንደዚያ ያልጦፉ ይመስል «ጎበዝ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። እናቷ ስሟ ሲጠራ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አላልኳችሁም? የልጄ ሥራ ነው!»

ሹራቧን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ኃላፊው ከኋላ ደረሰ።

«እማማ፣ ለአንድ አፍታ ያውሱኝ» አለ አቀርቅሮ። «የላቦራቶሪውን ሰርቨር ልሞክር ነው። ከራሱ ላይ።»