አንተ ይበሉኝ

ፀጉር ቤቴ መጥታ፣ ካስክ ስር ተቀምጣ ባለጃንጥላውን ያላነበበች ደንበኛ የለችኝም። ባለጃንጥላው የአባቴ መርማሪ ነው። ዘነበም አልዘነበም ጃንጥላውን አንጠልጥሎ ነፍሰ ገዳይ ሲያሳድድ አሥር መጽሐፍ ሞላው። አሥራ አንደኛው የወጣ ሰሞን ግን ባንክ የምትሠራዋ ደንበኛዬ፣ ቢጎዲኑ ከነጭንቅላቷ እየተንቀጠቀጠ፣ መጽሐፉን መደርደሪያዬ ላይ ወረወረችው።

“አባትሽ ጃጁ እንዴ?” አለችኝ።

እኔ አፌን ልከፍት ስል አጠገቧ ያለችው ተቀበለቻት። “እኔማ ግማሹ ላይ ተውኩት። እንዲህ ከሚጽፉ ቢያርፉ ይሻላቸው ነበር።”

እሳት ለበስኩ። መጽሐፉን አንስቼ እዚያው ቆሜ ገለጥኩት።

ነገሩ እንዲገባችሁ፣ ባለጃንጥላው ለሰው ሁሉ አንቱ ባይ ነው። ዘበኛውን አንቱ፣ ኪስ አውላቂውን አንቱ፣ ጡጦ ያልጣለ ሕፃን ቢያገኝም አንቱ ነው የሚለው። አንተ የሚለው በአንድ መጽሐፍ አንዴ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ገዳዩን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አንተ ነህ” ይለዋል። በቃ። ካቴናው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አንባቢ ያን ሁሉ ገጽ የሚታገሠው ያቺን ቃል ሊሰማ ነው።

የአሥራ አንደኛው ባለጃንጥላ ታዲያ ገና ሲጀምር “አንተ ዘበኛ፣ ና ወዲህ!” ብሎ ይጮሃል። ከዚያማ አንተና አንቺ እንደ ጉድ ይወርዳል። ገዳዩስ ማን ሆነ? ስሙን ሰምተን የማናውቀው መንታ ወንድም መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ዱብ አለ! የት አባቱ!

ያ የአንቱታ አመል ደግሞ የባለጃንጥላው ብቻ አይደለም፣ የአባባ ነው። እኔን የገዛ ልጃቸውን፣ አፍ ከፈታሁ ጀምሮ አንቱ ይሉኛል። ትምህርት ቤት ሊወስዱኝ ሲመጡ “ደክሞዎታል? ቦርሳዎን ልያዝልዎት?” ሲሉኝ ጓደኞቼ በሳቅ ይሞቱ ነበር፤ በእፍረት ስንቴ እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ይሄን መጽሐፍ አባባ አልጻፉትም።

ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ቤት ገባሁ። አባባ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ደም ግፊቱ ከጣላቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም፤ ንግግራቸውም እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። መጽሐፉን ከዚያ በፊት የጨረሱት መስሎኝ ነበር።

“አባባ፣ ማነው የጻፈው?”

“አሳታሚው... ሌላ ሰው አስጨረሱት” አሉ። “መጀመሪያውን ሰጥቻቸው ነበር። እሱንም ጣሉት መሰለኝ።”

“ስምዎትን ለጥፈው! እርስዎም ዝም አሉ?”

“ይተዉት፣ ልጄ። ቅዳሜ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ውል ሊያስፈርሙኝ ይመጣሉ። እኔ ከእንግዲህ አልጽፍ። ባለጃንጥላው እንኳ ይኑር።”

“ይሄ መኖር ነው? ሰዉ ጃጁ እያለ ነው እኮ!”

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ክው አልኩ። አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያን ስም ሲገነቡ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ቅዳሜ ከፈረሙ ደግሞ በቁማቸው ይቀበራል። ሲፈርሙማ ዓይኔ እያየ አይሆንም አልኩ።

በማግስቱ ፀጉር ቤቴ ትልቁ መስታወት ላይ በቀይ ሊፒስቲክ “አሥራ አንደኛውን አባቴ አልጻፉትም” ብዬ ጻፍኩ። የፀጉር ቤት ወሬ ደግሞ ሬዲዮም አይቀድመው። ቅዳሜ ሳይደርስ አሳታሚው ጆሮ ገባ።

ይሄ አሳታሚ ገና ጺሙን ሳያበቅል ነው ቤታችን መምጣት የጀመረው። በመጣ ቁጥር “አባባ፣ ልጅዎት እኮ ነኝ፣ ኧረ አንተ ይበሉኝ!” እያለ ይለማመጣል። አባባ ፈገግ ብለው “ይግቡ፣ ይቀመጡ” ይሉታል። ቅዳሜም እንደዚያው ተባባሉ። ሻይ አቀረብኩለት። እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

“መስታወት ላይ መጻፍ ምን ይሉታል? ስማችንን አጠፋሽው እኮ!”

“ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ?” በቤታችን ደንብ፣ ከንፈሬን ነክሼ፣ አንቱ አልኩት። “ባለጃንጥላውን ስድ አፍ ያደረጉት እርስዎ አይደሉም?”

ሳቀ። “በአንተና በአንቱ መሃል ያለው አንድ ፊደል ነው! ማን ልብ ይለዋል? አንባቢ የሚገዛው ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ነው።” ወደ አባባ ዞረ። “ልጅ ናትና አይፈረድባትም። ይቺን ይፈርሙልኝና እንገላገል።”

ውሉን ዘረጋ። እስክሪብቶውንም አውጥቶ በዚያ በማይታዘዘው እጃቸው ጣቶች መሃል ሰካው፤ ከዚያ ክንዳቸውን ደግፎ ወደ ወረቀቱ ያመጣው ጀመር። ልጮህ ስል አባባ በደህናው እጃቸው ይቆዩ አሉኝ።

እስክሪብቶውን ከጣታቸው መሃል ራሳቸው መዘዙት። ሻዩ አጠገብ አስቀመጡት። ቀና ብለው ሰውየውን አዩት። ከንፈራቸው ከቃሉ ጋር ሲታገል አየሁ፤ የሚሉትን አውቄዋለሁ፣ ግን አላገዝኳቸውም።

“አንተ...” አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። “አንተ ነህ።”

አሥራ አንዱንም መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው፤ ማንም ሊተረጉምለት አላስፈለገም። ፊቱ አመድ ሆነ። ውሉን እያጨማደደ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ እስክሪብቶውን ረሳ፣ በሩ ጋ ጫማው አደናቀፈው።

ዕድሜውን ሙሉ አንተ ይበሉኝ እያለ ሲለምን ኖሮ ይኸው ተሳካለት፤ ታዲያ ምነው ሻዩን እንኳ ሳይጠጣ ሄደ?