አባ አይሞት

የልምምድ ክፍሉን የፕላስቲክ ሰውዬ ሠልጣኞቹ «አባ አይሞት» ይሉታል። ስሙን በሳቅ ነበር ያወጡለት። ዛሬ ከመስታወቱ ጀርባ መቆጣጠሪያው ላይ የተቀመጠችው የማደንዘዣ ሐኪም ግን ሳቋ አልመጣም። ለምን እንደማይሞት አውቃለች።

የፕላስቲኩን ሰውዬ የሚቆጣጠረው ቴክኒሻን እረፍት ሲወጣ ቦታውን ያስረከበው ለእሷ ነበር።

«እህቴ፣ ሠልጣኝ ሲሳሳት እንደልብሽ አስጨንቂው። ፕሮፌሰሩ ሲገቡ ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን የኦክስጅን ቁጥር ከዘጠና በታች እንዳታወርጂ።»

«ቢሳሳቱስ?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። የምስክር ወረቀትሽን የሚፈርሙት እኮ እሳቸው ናቸው። ለመመረቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረሽ።»

ባለፈው ማክሰኞ፣ እውነተኛው ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ፣ እኚሁ ፕሮፌሰር የአንዲት ታካሚን የመተንፈሻ ቱቦ በሳንባ ፈንታ ወደ ሆድ አስገቡት። አየች። «ፕሮፍ፣ ምናልባት...» አለች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። «ማሽኑ ነው» አሉ። የሴትዮዋ ከንፈር ጠቆረ። አንዲት ነርስ ደርሳ ቱቦውን ባትመዘው ኖሮ የአራት ልጆች እናት ዛሬ አፈር ለብሳ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ «ምናልባት» ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅራለች።

ዛሬ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ወደ ልምምድ ክፍሉ ገብተው፣ ስምንት ሠልጣኞች ከበዋቸው፣ ቱቦውን በአባ አይሞት አፍ አስገቡ። «እንዲህ ነው! በአስር ሰከንድ!» የአባ አይሞት ሆድ ተነፋ፤ ደረቱ ንቅንቅ አላለም። ስክሪኑ ላይ የትንፋሹ መስመር እንደ ገመድ ተዘርግቶ ቀረ።

ወደ መስታወቱ ዞሩ። «አንቺ! ማሽኑን አስተካክይው እንጂ!»

ጣቷ የኦክስጅኑን ቁጥር ቁልቁል ገፋው። ሰማንያ። ስድሳ። አርባ። ማስጠንቀቂያው ይጮህ ጀመር።

ድምፅ ማጉያውን ከፈተች። «ማሽኑ ደህና ነው። ቱቦው ሆድ ውስጥ ነው።»

«ስትጨርሺ ቢሮዬ ትመጫለሽ!»

«እሺ። እስከዚያ ግን ሰውዬው እየሞተ ነው።» ከዚያ ወደ ሠልጣኞቹ፦ «ስምንታችሁም ዓይን አላችሁ። ማነው የሚነግራቸው?»

ስምንቱም ጫማቸውን ማየት ያዙ። ሃያ።

«ፕሮፍ፣ ምናልባት...» አለች ዳር የቆመችው የአንደኛ ዓመት ሠልጣኝ።

«ምናልባት የለም!» ብላ ሐኪሟ በማጉያው አምባረቀችባት። «ጮክ ብለሽ!»

ልጅቷ ደነገጠች፣ ተናደደችም። «ቱቦው ይውጣ!» የፕሮፌሰሩ እጅ አልንቀሳቀስ ሲል ራሷ መዘዘችውና የኦክስጅን ጭምብሉን አባ አይሞት ፊት ላይ ገጠመችው። ደረቱ ከፍ አለ።

ፕሮፌሰሩ በሩን አላትመው ወጡ።

«እንደገና፣ ከመጀመሪያው» አለች ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው። «ልምምዱ አልቆ ቢሯቸው እስክሄድ ሃያ ደቂቃ አለኝ።»