እርድ የመሰለው ዱቄት

መምህርት ያለምወርቅ ሁለቱን ነጫጭ ዱቄቶች አንድ ብልቃጥ ውስጥ ጨምራ፣ ክዳኑን አጥብቃ መነቅነቅ ስትጀምር ክፍሉ ጸጥ አለ። ውሃ የለ፣ እሳት የለ፤ ነጩ ከነጩ ጋር ሲፋተግ ደማቅ ቢጫ ሆነ።

«የእማዬን እርድ ይመስላል» አለች ጠሂራ ከፊት ወንበር። እናቷ ኢማን መርካቶ በርበሬ ተራ ቅመም ትሸጣለች። ተማሪው ሳቀ፤ ያለምወርቅም አብራ ሳቀች። ዱቄቱ እርሳስ እንዳለበት፣ መርዝ እንደሆነም መጨረሻ ላይ ልትነግራቸው አስባ ነበር። የመውጫው ደወል ቀደማት። ወዲያው ለስብሰባ ስትጠራ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ ትታው ሄደች።

ስትመለስ ብልቃጡ የለም። የጠሂራ ንግግር ትዝ አላት። ነጭ ጋዎኗን እንኳ ሳታወልቅ በተሸካሚና በጋሪ መሀል እየተጋፋች በርበሬ ተራ ደረሰች። ጠሂራ ባዶውን ብልቃጥ ይዛ ሱቁ ደጃፍ ቆማለች።

«ዱቄቱስ?»

«ላሳያት ነበር ያመጣሁት። ዞር ስል እማዬ የናሙና እርድ መስሏት የእርዱ ጆንያ ላይ ደፋችው።»

ኢማን ከውስጥ ብቅ አለች። «ምነው መምህርት? ልጄ አጠፋች?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ዱቄቱ እርሳስ አለበት።»

«መጻፊያው?»

«አይደለም፣ ብረቱ። መርዝ ነው። ከጆንያው ሸጠዋል?»

ኢማን የሱቁን በር ያዘች። «ለደንበኛዬ ለፋና» አለች። «ቅድም ነው የሄደችው፤ አማኑኤል ሰፈር ነው ቤቷ።»

ደወሉላት፤ ስልኩ አይነሳም። ጆንያውን ማንም እንዳይነካው ጠሂራን አስጠብቀው ሁለቱ ሴቶች እየሮጡ ሄዱ። ሲደርሱ በእርዱ የተሠራው አልጫ ወጥቷል። የፋና ትንሽ ልጅ ሳህኑን ታቅፋ ትበላለች። ያለምወርቅ ሳህኑን ከእጇ ስትነጥቃት ልጅቷ አለቀሰች።

ልጅቷን ሆስፒታል ወሰዷት፤ ለምርመራ ደም ተወሰደላት። ሐኪሙ የበላችው ትንሽ ስለሆነ ለክፉ እንደማይሰጣት ተስፋ እንዳለው፣ ግን እየተመላለሰች መታየት እንዳለባት ነገራቸው። ኢማን ጆንያውን ልታስወግድ ተመለሰች። ያለምወርቅ አግዳሚው ላይ ከፋና ጎን ቀረች።

«ዱቄቱን አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አለች ፋና፣ እንቅልፍ የወሰዳትን ልጇን እያየች።

«አዎ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም። ትምህርቱን እንዲወዱት ብዬ ነው።»

ፋና ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ ፊቷን አዞረች።