የዲማ መጋዘን እና የእስከዳር ሰንጠረዥ

እስከዳር ኤክሴል ታውቃለች። ደብረ ማርቆስ ባለው የገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ ይህን ያልሰማ የለም፤ ራሷ ነግራቸዋለች። የፋይናንስ ተንታኝ ሆና ተቀጥራ የሙከራ ጊዜዋ አርብ ያልቃል። እስከዚያው አንድ ነገር ሠርታ ማሳየት ነበረባትና ሠራች። ዩኒየኑ እህል የሚረከብባቸው አምስት መጋዘኖች በዓመቱ ስንት ኩንታል እንዳስገቡ በአንድ ሰንጠረዥ አሰለፈችው።

ሰንጠረዡስ ያምራል። ርዕሱ አረንጓዴ፣ ድምሩ ቢጫ ነው፤ በዓመት ከስድስት መቶ ኩንታል በታች የተረከበ መጋዘን ደግሞ ማንም ሳይነካው ቀይ ይለብሳል። ቀይ የለበሰው ዲማ ብቻ ነበር፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ኩንታል። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ዘቢደር አይተው "እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ቦርዱ ሲሰበሰብ "የዲማ መጋዘን ይዘጋ" የሚለውን ሐሳብ ራሷ እስከዳር እንድታቀርብም ነገሯት። ከተዘጋ የዲማ ገበሬ እህሉን በአህያ ጭኖ ሌላ መጋዘን ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ለዚያ በሰንጠረዡ ላይ ዓምድ አልተበጀለትም።

ሐሙስ አራት ሰዓት ገደማ የዲማ መጋዘን ኃላፊ አቶ መንበሩ ከሚኒባስ ወርደው በቀጥታ ቢሮዋ ገቡ። ጫማቸው የሐምሌ ጭቃ ጠጥቷል፤ በብብታቸው በላስቲክ የተጠቀለለ መዝገብ ይዘዋል።

"መጋዘኔን የምትዘጊው አንች ነሽ?"

"እኔ አይደለሁም ጋሼ። ቁጥሩ ነው።"

"ቁጥሩ? እሱስ የማን ልጅ ነው?"

እስከዳር ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስክሪኑን አዞረችላቸው። ቁጥር ያየ ሰው ይረታል የሚል እምነት አላት። አቶ መንበሩ መነጽራቸውን አደረጉና መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ወር በወር ያስተያዩ ጀመር።

"ሐምሌ፣ ልክ ነው። ነሐሴ፣ ልክ ነው። መስከረም..." ጣታቸው ቆመ። "ጳጉሜንስ?"

"ምን አሉኝ?"

"ጳጉሜን ልጄ! ወዴት ጣልሻት? የዲማ ሰው ጤፉን ክረምቱን ሙሉ አቅፎ ከርሞ የሚያወጣት ለዘመን መለወጫ ነው። በግ አለ፣ የልጅ ደብተር አለ። በእነዚያ አምስት ቀናት ወገቤ እስኪቆረጥ ስመዝን ነው የምውል።"

እስከዳር ወደ ስክሪኑ ዞረች። ሰንጠረዡን ከኢንተርኔት ነበር ያወረደችው። ባለ አሥራ ሁለት ረድፍ ነው፤ በፈረንጆቹ ወሮች ላይ የእኛዎቹን ጽፋ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ደስ ብሏት ነበር። አሁን አንድ ረድፍ ጨመረች፣ "ጳጉሜን" ብላ ጻፈች፣ ፎርሙላውን ወደዚያ ጎተተች። ዜሮ።

"ዜሮ?" አሉ አቶ መንበሩ። "ታዲያ ያን ሁሉ ጆንያ ያወረደው መልአክ ነው?"

ወደ ዋናው መረጃ ተመለሰች። ቀኖቹ ከላይ እስከ ታች መሀል መሀል ላይ ተደርድረዋል። ያኔ ትዝ አላት። መረጃውን ስታስገባ አንዳንዱ ቀን ወደ ግራ ተጠግቶ አይታው ነበር። የተዝረከረከ ነገር አትወድምና ዓምዱን በሙሉ መሀል አድርጋ አለፈችው። ያንን አሰላለፍ አነሳችው። ሌሎቹ ቀኖች ወደ ቀኝ ሲሄዱ የጳጉሜን ቀኖች ግን ግራቸውን ይዘው ቀሩ። ኮምፒውተሩ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያውቀው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲጽፉለት ቀን ነው ብሎ አይቀበልም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ ሲደምር ይዘለዋል።

የጳጉሜንን ለብቻ ደመረች። ስድስት መቶ አርባ። ከቀድሞው ጋር አንድ ሺህ አምሳ ሁለት።

"ይኸው ጋሼ!"

"የእኔ አንድ ሺህ ዘጠና ይላል።"

"ሠላሳ ስምንት ነው እኮ የሚለየው።"

"ሠላሳ ስምንቱን አንች ብትሸከሚው ትንሽ አይመስልሽም ነበር።"

ወረደች፣ ወጣች፣ ፈለገች። ጥቅምት ላይ ሁለት ቀኖች ወደ ግራ ተጠግተዋል፤ ሃያ ዘጠኝ እና ሠላሳ። የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ላይ ያልቃላ! ገብስ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ኩንታል። እስከዳር ከዚህ በኋላ ማስታመሙን ተወችና ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለያይታ፣ ሁሉንም ተራ ቁጥር አድርጋ እንደገና ደመረች። አንድ ሺህ ዘጠና። ዲማ ላይ የነበረው ቀይ ጠፋ።

ወይዘሮ ዘቢደር በሩን ገፋ አድርገው "ተዘጋጀሽ?" አሉ።

እስከዳር አርብ የምትጠብቀውን የቋሚነት ደብዳቤ አሰበች። ከዚያ ሰንጠረዡ ስህተት እንደሆነ ነገረቻቸው።

"ለቦርዱ ልኬላቸዋለሁ እኮ!" አሉ። "እንግዲያው አንቺው ንገሪያቸው። እኔ ስምሽን ሳሞግስ ከርሜ፣ አሁን ምን ብዬ ልጀምረው?"

ስምንት ሰዓት ላይ ነገረቻቸው። ሰባት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው "ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ እርግጠኛ ነበርሽ?" ብለው ጠየቋት።

"ነበርኩ።"

"አሁን በምን እንመንሽ?"

"ያኔ የደመርኩት በአንድ መንገድ ብቻ ነው። አሁን በወርም ደምሬ፣ ዓምዱንም እንዳለ ደምሬ፣ ከመዝገቡ ጋር አስተያይቻለሁ። ሦስቱም ገጠሙ። የሌሎቹ አራት መጋዘኖች ግን ገና ናቸው፤ እነሱም ጳጉሜን የላቸውም።"

የዲማ ጉዳይ ከአጀንዳው ወጣ። ጭብጨባ አልነበረም። ወይዘሮ ዘቢደር ኮሪደሩ ላይ "የአራቱን ነገ እስከ ሥራ መውጫ አምጪ፤ ስለ ደብዳቤው ያኔ እንነጋገራለን" ብለዋት አለፉ።

ስትመለስ አቶ መንበሩ ከወንበሩ አልተነሡም።

"መኪና አያመልጥዎትም?"

"ዘመድ ቤት አድራለሁ። እኔ ላንብብልሽ፣ አንች ጻፊ። የማንን እንጀምር?"

"የመርጡለ ማርያምን።"

ከመደርደሪያው የመርጡለ ማርያም መጋዘንን መዝገብ ቅጂ አውርዳ ሰጠቻቸው። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ገለጡ።

"ጳጉሜን ሁለት፣ ሰባት ኩንታል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ሰባት ብቻ።"

"ይሁን፣ ሰባትም ሰባት ነው" አለችና ጻፈችው።