ጨፈን አድርገሽ እይው

አባቴ ሐሙስ ቀዶ ጥገና አለበት። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን የእሱን ሥዕል ከዚያ በፊት ከጨረስኩት ይተርፋል፣ ካልጨረስኩት አይተርፍም የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩትም።

የሥዕል አስተማሪያችንን ከጀርባው «አመዱ» ነው የምንለው። ደማቅ ቀለም ሲያይ ያመዋል። የሚያስተምረን ደብዘዝ ያለ ክፍል፣ ከመስኮት የሚገባ ትንሽ ብርሃን፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ በቃ። የመጀመሪያ ሙከራዬን አይቶ፣ አባትሽ ከግድግዳው ጋር የተጣላ ይመስላል፣ አስታርቂያቸው አለኝ። ዘዴው ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ነው፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። የጠፋውን አትፈልጊው፣ ይጥፋ ይላል። ለእሱ ምን አለበት፣ አባቱ አይደለም።

ሦስት ቀን ሙሉ አባቴን ሳሎን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጨፈን አድርጌ ሳየው ጃኬቱ ከመጋረጃው ይቀላቀላል፣ ፊቱ ይጠፋል፣ ጋዜጣው ብቻ ነጣ ብሎ ይቀራል። ክው እላለሁ። ቶሎ ዓይኔን ከፍቼ መኖሩን አይና እንደገና እጨፍናለሁ። በዚህ ዓይነት ምን ሥዕል ያልቃል?

ረቡዕ ከሰዓት ጋዜጣውን አጠፈው።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«አትደብቂኝ። ይኸው ሦስት ቀን፣ እኔን ባየሽ ቁጥር እንባሽን ትይዣለሽ።»

ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጡ። የሥዕል ዘዴ ነው ብዬ ማልኩለት። አላመነኝም፤ እስቲ ልሞክረው ብሎ እሱም ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አየኝ። ብዙ ቆየ።

«ጠፋሽ» አለ። «ብርሃኑ ላይ ያለው እጅሽ ብቻ ቀረ።» ከዚያ ዓይኑን ከፈተ። «አሁን አለሽ።»

ሥዕሉ አላለቀም። ፊቱን ሳልሠራው ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ሄድን።

አራት ሰዓት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጥፍሬ ውስጥ የደረቀውን ግራጫ ቀለም ስፍቅ ነበር። አባቴን ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲያወጡት ነርሷ ይነቃል፣ አትጨነቂ አለችኝ፤ እንዴት አልጨነቅ። ዓይኑ ገርበብ ብሏል፣ ግን ይየኝ አይየኝ አላወቅኩም። እጄን ከኮሪደሩ መስኮት በሚገባው ብርሃን ላይ ዘረጋሁለት።

«እጅሽ» አለ በሻከረ ድምፅ።

«ሌላዬስ፣ አባዬ?»

«ቆይ እስቲ። እየመጣሽ ነው።»