የአበጋዝ ሆድ በሮተርዳም ግድግዳ ላይ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው፤ እመ ብርሃንን! አንዲት ቃል ተጨምራበት እንደሆነ፣ የጨመራት ምላስ ስኬቨኒንገን ወደብ ላይ ወድቃ የባሕር ወፍ ይቀራመታት።

አበጋዝ የሙከራ ፊልም ሠሪና የቪዲዮ ኢንስታሌሽን አርቲስት ነበር። ኢንስታሌሽን ማለት፣ ለማያውቅ፣ ፊልሙ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ሞልቶ ይለቀቅና ተመልካቹ መሐሉ የሚንጎራደድበት ነገር ነው። በዚህ ሙያ አበጋዝን የሚያህል ሰው አውሮፓ አላበቀለችም። አምስተርዳም ላይ በመስኮት መስታወት የሚወርድ ዝናብ ብቻ የሚያሳይ ፊልም ቢያቀርብ፣ ተመልካቹ በሙሉ ጃንጥላ ዘርግቶ ነው ያየለት። ዴን ሃግ ላይ ባዶ የትራም ወንበር ቀርጾ ቢያሳይ ደግሞ አንዲት አሮጊት የትራም ካርዳቸውን አውጥተው ግድግዳውን ነኩ፤ ከዚያም ቁጭ ሊሉ ሲሉ ወለሉ ተቀበላቸው።

በሚኖርበት በዴን ሃግ ያሉት የሐበሻ ደብር ሰዎች ግን ሙያው አልገባቸውም። «ኢንስታላሲ ነው የምሠራው» ሲል ሰምተው፣ በዚያ አገር ማሞቂያ የሚገጥመውም በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ ብርድ በገባ ቁጥር ይደውሉለታል።

«ጋሽ አበጋዝ፣ ራዲያተራችን አልሞቅ አለ፤ እባክህ ብቅ በልልን!»

እሱም አይከፋም። ካሜራውን አንግቶ ይሄድና የቀዘቀዘውን ራዲያተር ከአራት ማዕዘን ቀርጾ ይመለሳል።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ሮተርዳም። እዚያ መርከብ ገብቶ ሊዞርበት የሚችል አንድ የጥበብ አዳራሽ አለ። ኃላፊዋ ሊና የምትባል ሴት ናት። «አዲስ ሥራ አምጣ፤ ከወደድኩት ትልቁ ክፍል ያንተ ነው። ከሌለህ ግን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብላዋለች። አበጋዝ አዲስ ሥራ አልነበረውም።

«ይህ ክፍል ካመለጠኝ» ይላል ለሚስቱ ለማናለብሽ፣ «በቃ ራዲያተር ጠጋኝ ሆኜ መቅረቴ ነው።»

አንድ ቀን የቤቱ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት አገኘ፤ «ሐሙስ ጠዋት ለኦፕናመ ይምጡ፤ ኑኽተር ሆነው» ይላል፤ አድራሻ ተከትሎታል። ደች ቆጣቢ ቋንቋ ነው፤ ፊልም መቅረጽንም ሆስፒታል መተኛትንም በአንድ «ኦፕናመ» ይገላገላቸዋል። ኑኽተር ደግሞ እህል ሳይቀምሱ ማለት ነው። አበጋዝ የታየው ቀረጻው ብቻ ነው።

«ማኒ! ሊና ለቀረጻ ጠራችኝ! ያውም በጾም!»

«ሐሙስ ምን ጾም አለ?»

«እሱ ነው እኮ! ፈረንጅ በፍስክ ቀን ጹም ካለህ፣ ሥራው የዋዛ አይደለም።»

ማናለብሽ አንድ ነገር ልትል ጀመረች፤ እሱ ግን ሌንሱን መወልወል ይዟል።

ሐሙስ ጠዋት ሆዱ እየጮኸ ሄደ። አድራሻው ሮተርዳም ሳይሆን እዚያው ዴን ሃግ ሆኖ ተገኘ። ነጭ ሕንጻ፣ ነጭ የለበሰ ሰው፣ ወዲያና ወዲህ የሚንከባለል አልጋ። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ኋላ ደግሞ የገባው መሰለው። ሊና ለእሱ ስትል ሙሉ ሆስፒታል አሠርታለች! ተዋናዮቹስ! አንድ ሽማግሌ ሲስሉ አይቶ አጨበጨበላቸው። ሽማግሌው ተቆጡ። ቁጣቸውም እውነተኛ ስለመሰለው ደግሞ አጨበጨበ።

እንግዳ ተቀባይዋ ኮምፒውተሯን አየች፣ እሱን አየች፣ ተመልሳ ኮምፒውተሯን አየች።

«ደ ማን?» አለችው። በደች «ማን» ባል ነው፤ ባልየው አንተ ነህ ወይ ማለቷ ነበር። እሱ በአማርኛው ሰማውና ደረቱን ነፋ።

«ማን ትያለሽ እንዴ? አበጋዝ ነኛ!»

ልጅቷ ግራ ተጋባች፤ እሱም ግራ እንደተጋባ፣ ግራ ለግራ ተያይዘው አልጋው ዘንድ ደረሱ።

«ካሜራው የታለ?» አለ አበጋዝ ጋደም እንዳለ።

ሐኪሙ ቀጭን ጥቁር ቱቦ አነሣ። «ይኸው። በአፍዎ ገብቶ ሆድዎን ይቀርጻል።»

አበጋዝ እንባው መጣ። ካሜራ ውጦ የቀረጸ ዳይሬክተር በዓለም ላይ ማን አለ? ማደንዘዣ ሲያቀርቡለት «ዳይሬክተር ተኝቶ አይቀርጽም» ብሎ እምቢ አለ። ቱቦው ጉሮሮው ውስጥ ሆኖ በጣቱ ወደ ግራ፣ ቀስ፣ እዚያች ጥግ ላይ ቆይ እያለ ያዝዛል፤ ሐኪሙ ይታዘዛል። ስክሪኑ ላይ ሮዝ ዋሻ ተከፈተ። ግድግዳው ይተነፍሳል። ጥግ ላይ አንዲት ቀይ ቁስል እንደ ፍም ትበራለች። ነርሶቹ ሥራ ፈትተው ከበቡት፤ ከላይኛው ፎቅ የነበሩት በሽተኞች ሳይቀሩ ግሉኮሳቸውን እየገፉ ወረዱ። ሁሉም አንድ ላይ «እሰይ!» አሉ፤ በደች።

አበጋዝ ይህን ሁሉ ለሊና የተረከላት ሮተርዳም፣ ያው ትልቁ ክፍል ውስጥ ቆሞ ነው። ለሙከራ የተለቀቀው ቪዲዮ ከወለል እስከ ጣሪያ ያቺን ሮዝ ዋሻ ሞልቶ ይተነፍስባቸዋል። ማናለብሽ ከአረጋውያን መንከባከቢያው ሥራዋን ጨርሳ፣ የሥራ ጫማዋን ሳትቀይር መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች።

ሊና ዞር ዞር እያለች አየችው። አፏን በእጇ ይዛለች።

«እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አለች። «አርቲስቱ የራሱን ሆድ ቀረጸ ብዬ ነው በሩ ላይ የምጽፈው። የራስህ ነው አይደል? ከሆነ ክፍሉ ያንተ ነው።»

«የራሴ ነዋ! ምስክር ከፈለግሽ ሚስቴ ይችውልሽ። ሆዴ፣ ንገሪያት እንጂ!»

ማናለብሽ ዓይኗን ከቀዩዋ ቁስል አላነሣችም። ሊናም እንድትሰማ በደች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ሆዱ የኔ ነው። የተደወለውም ለኔ ነበር። በትራም ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ተመለስኩ፤ አበጋዝ ያን ሐሙስ ስኬቨኒንገን ማዕበል እየቀረጸ ነበር።»

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረችና በአማርኛ፣ «ቪዲዮው ያለበትን ፍላሽ ሐኪሙን ለምኜ ያመጣሁት እኮ አንተ እንድታየው ብዬ ነበር» አለችው።